ለሁለት አንቴና የራዲዮ ቴሌስኮፕ ሶፍትዌር በአዳማ እንዴት ይሠራል?

ሁለት አንቴና ጣሪያ ላይ መትከል ቀላሉ ሥራ ነው። ጭንቅላት የሚያዞረው ሁለቱ የሚቀበሉትን የፀሐይ የራዲዮ ሞገድ በጊዜ ማስማማት ሲሆን እሱም የሶፍትዌር ጣጣ ነው።

አዳማ ለጀማሪ ትመቻለች። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ፀሐይ በአናቷ ላይ ስለምታልፍ፣ ዲሾቹን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ማቅናት ይበቃል፤ ፀሐይን የሚከተል ሞተር አያስፈልግም። የነሐሴ ደመናም ግድ የለም፣ የምንቀበለው የ21 ሴንቲ ሜትር (1420 ሜጋ ኸርዝ) ሞገድ ሰንጥቆት ያልፋል። ፀሐይ አናት ላይ የምትደርሰው ግን በ6 ሰዓት ሳይሆን ወደ 6 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ነው፤ ሰዓታችን የተቀመረው ከአዳማ በስተምሥራቅ ባለው 45 ዲግሪ ኬንትሮስ ነውና።

1. 1 ሜትር ያህል ስፋት ያላቸውን ሁለት ዲሾች ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ በ4 ሜትር ርቀት ትከሉ። የቴሌቪዥኑ ኤልኤንቢ (ከዲሹ ፊት ያለው መቀበያ) ለዚህ ሞገድ ስለማይሆን ነቅላችሁ ለ1420 ሜጋ ኸርዝ የተለካ፣ ሞገዱን የሚቀበል የቆርቆሮ ጣሳ ተኩ። ማጉያና ማጣሪያም ያስፈልጋል። ከ1400 እስከ 1427 ሜጋ ኸርዝ ያለው ክልል በዓለም አቀፍ ደንብ ለሳይንስ የተጠበቀ ቢሆንም፣ በ900 እና በ1800 የሚሠራ የሞባይል ማማ ቅርብ ከሆነ ማጣሪያ የሌለውን ማጉያ ያፍነዋል።

2. አርቲኤል-ኤስዲአር የሚባሉት ርካሽ የዩኤስቢ ተቀባዮች እያንዳንዳቸው የ28.8 ሜጋ ኸርዝ ክሪስታል (የተቀባዩን ምት የሚመታ ሰዓት) አላቸው። የአንዱን አውጥታችሁ ሁለቱንም በአንድ ክሪስታል አሠሩ። ይህ ካልተደረገ የሚቀጥለው ሁሉ ከንቱ ድካም ነው።

3. ገመድ ከመሰካታችሁ በፊት በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ የውሸት ፀሐይ ፍጠሩ፦ ለሁለቱም የጋራ የሆነ ደካማ ሞገድ፣ በየግላቸው ደግሞ ጠንካራ ሁካታ። አንደኛውን በ7 ናሙና (ተቀባዩ በተከታታይ የሚመዘግባቸው ነጠላ ልኬቶች) አዘግዩት። ፕሮግራማችሁ «7» ብሎ እስኪመልስ ድረስ ጣሪያ ላይ አትውጡ።

4. አሁን ማዛመጃውን፣ ማለትም የሁለቱን አንቴናዎች ሞገድ የሚያነጻጽረውን ፕሮግራም ጻፉ። ከየአንቴናው 1024 ናሙና ወስዳችሁ በፎሪየር ትራንስፎርም (ሞገዱን በየድግግሞሹ የሚለይ ስሌት) ተንትኑ፣ የአንዱን ውጤት በሌላኛው ኮንጁጌት (የኢማጂነሪ ክፍሉ ምልክት የተገለበጠ ቁጥር) አባዙ፣ የ1 ሰከንዱን አማካይ ያዙ። ጥሬውን ናሙና ማስቀመጥ አያዋጣም፦ በሰከንድ 2.4 ሚሊዮን ናሙና ሲቀዳ ሁለቱ ተቀባዮች በሰዓት 35 ጊጋባይት ገደማ ያመርታሉ፤ አማካዩ ግን 29 ሜጋባይት ያህል ነው። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል በየደቂቃው አዲስ ፋይል ክፈቱ።

5. ክሪስታሉ አንድ ቢሆንም ዩኤስቢው ሁለቱን እኩል አያስነሳቸውም። በተነሱ ቁጥር ከአንድ የሁካታ ምንጭ ለሁለቱም አጠጡና መዘግየቱን ለክታችሁ አርሙ።

ፀሐይ ስታልፍ የማዛመጃው ውጤት ግራፍ በየ12 ደቂቃው ገደማ ይወጣል፣ ይወርዳል። ሳይወዛወዝ ከፍ ብሎ ከቀረ፣ የያዛችሁት ከቦታው የማይንቀሳቀስ ነገር ነው፤ ምናልባት የጎረቤት ቻርጀር።

ፕሮግራሙን ገና ከጅምሩ አንቴናዎችን በጥንድ እንዲቆጥር አድርጋችሁ ጻፉት። ሦስተኛ አንቴና ሲጨመር ጥንዶቹ 3 ይሆናሉ፣ በደቡብ አፍሪካው የራዲዮ ቴሌስኮፕ በሚርካት ግን 64ቱ አንቴናዎች 2016 ጥንድ ይሰጣሉ።