ወደ ቴክኒክና ሙያ ስትገቡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። እኔ የአውቶ መካኒክ አሠልጣኝ ነኝ። ነጥብ ያልመጣላቸው ልጆች ለምዝገባ ሲመጡ አንገታቸውን ደፍተው ነው። የመጀመሪያው ስህተት እዚህ ላይ ነው፤ ሙያን የወደቀ ሰው መጠጊያ አድርጎ ማየት። በዚህ ስሜት የገባ ልጅ ወርክሾፕ ውስጥ ቆሞ ያያል እንጂ እጁን አያስገባም።

ጓደኛ የሞላውን ዲፓርትመንት መሙላትም ብዙ ልጅ አበላሽቷል። ፎርሙን ከመሙላታችሁ በፊት ሰፈራችሁ ካለ ጋራዥ ወይም ብረታ ብረት ቤት ግማሽ ቀን ዋሉ። ሠራተኛው ስንት ሰዓት እንደሚቆም፣ ምን እንደሚያነሳ በዓይናችሁ እዩ።

«ከሒሳብና ከእንግሊዝኛ ተገላገልኩ» የሚሉም አሉ። አልተገላገላችሁም። የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ብሎን የሚታሰረው ከመሀል ወደ ዳር በቅደም ተከተል፣ ማንዋሉ በኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ልክ መለኪያ) በሚሰጠው ቁጥር ነው። ያንን ቁጥር ያላነበበ ልጅ በጉልበቱ ያጠብቃል፤ ከዚያ ውሃና ዘይት ይቀላቀላል፣ ሞተሩም ይበላሻል።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ግን የትብብር ሥልጠናው፣ ማለትም ጋራዥና ድርጅት ገብቶ የሚደረገው ልምምድ ነው። ሥርዓቱ 70 በመቶው ተግባር፣ 30 በመቶው ንድፈ ሐሳብ እንዲሆን ታስቦ የተዘጋጀ ነው። ልጆቻችን ግን ማኅተም የሚመታላቸው ዘመድ ያፈላልጋሉ። አንዱ የልምምድ መዝገቡን በፊርማ ሞልቶ መጣ። «እስቲ የኋላ ፍሬን ሸራ ቀይር» አልኩት። ታምቡሩን አወለቀና ሞላዎቹን እያየ ፒንሳ እንደያዘ ቀረ። «ጋራዥ ምን ትሠራ ነበር?» ስለው «ሻይ አመጣለሁ፣ መኪና አጥባለሁ» አለኝ። ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም፤ እኛም ሄደን አላየነውም። እናንተ ግን በመጀመሪያው ቀን የሚያሠለጥናችሁ ማን እንደሆነ ጠይቁ። ማታ ማታም የፈታችሁትንና መልሳችሁ የገጠማችሁትን ጻፉ። ሳምንት ሙሉ የምትጽፉት ካጣችሁ ለአሠልጣኛችሁ ንገሩና ቦታ ይቀየርላችሁ።

ሲኦሲን፣ ማለትም የሙያ ብቃት ምዘናውን፣ «በኋላ እደርስበታለሁ» ብላችሁ አታዘግዩ። ፈተናው የጽሑፍም የተግባርም ነው፤ የተግባሩ ደግሞ በሰዓት የተገደበ ነው። ከሥልጠናው በኋላ ዓመት ያለ ሥራ የቆየ እጅ የሚያውቀውን ብሎን ለመፍታት እንኳ ይዘገያል። እጃችሁ ሳይቀዘቅዝ ተመዝገቡ።