ሼር የተደረገ ፎልደር ውስጥ ፋይል ሲበላሽ ምንጩን እንዴት ማግኘት ይቻላል

ጠዋት ሂሳብ ክፍል የኤክሴል ፋይሉን ሲከፍት ተበላሽቷል ይላል፤ ማታ ደግሞ መብራት ሄዶ መጥቷል። ገላን፣ ሰበታና ለገጣፎ ላሉ ቢሮዎች ይህ ግጥምጥሞሽ አዲስ አይደለም። ግን ሁሉን በመብራት ማላከክ እየሞተ ያለን ዲስክ ሊሸፍን ይችላል።

መጀመሪያ ሁሉም ሰው ከፎልደሩ ይውጣ። የተበላሸውን ጨምሮ ሙሉውን ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ ገልብጡ፤ የድሮው ባክአፕ ላይ ግን እንዳትደርቡት። የዊንዶውስ የዲስክ ጥገና ከዚህ በፊት አይነካም፤ በደከመ ዲስክ ላይ ከተነሳ የተረፈውንም ይዞት ሊሄድ ይችላል። የሁሉም ፋይሎች ስም መጨረሻ በአንዴ ከተቀየረ ነገሩ ቫይረስ ነውና የሰርቨሩን (ፎልደሩ ያለበትን ኮምፒውተር) የኔትወርክ ኬብል ወዲያው ንቀሉ።

ቀጥሎ ሰርቨሩ ላይ የዲስክ ጤና የሚያሳየውን ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የተባለ ፕሮግራም ክፈቱ። የተበላሹ የዲስክ ቦታዎችን የሚቆጥሩት 05 እና ሲ5 (C5) የሚሉት መስመሮች ከዜሮ ከፍ ካሉና እየጨመሩ ከሄዱ ዲስኩ ይቀየር። ሲ7 (C7) ብቻ ከጨመረ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ዲስኩን ከማዘርቦርዱ የሚያገናኘው ኬብል ነው፤ እሱን ቀይሩ። ቁጥሩ ወደ ዜሮ አይመለስም፣ ከዚያ ወዲያ ግን መጨመር የለበትም።

ዲስኩ ደህና ከሆነ 4 ጊጋ የሚያህል ፋይል ምረጡ። 7-ዚፕ በተባለው ፕሮግራም ኤስኤችኤ-256ቱን (SHA-256፣ ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ መለያ ቁጥር) ሰርቨሩ ላይ ሁለቴ አስሉ። ሁለቱ ውጤቶች ከተለያዩ ራሙን ጠርጥሩና ሜምቴስት86 የተባለውን የራም መፈተሻ ሌሊቱን ሙሉ አስኪዱ፤ ራሙ ችግር እንዳለበት ለማወቅ አንድ ስህተት እንኳ ይበቃል። ውጤቱ ሰርቨሩ ላይ አንድ ሆኖ አንዱ ኮምፒውተር ላይ ሲገለበጥ ብቻ ከተለያየ ችግሩ እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ ነው።

የኔትወርክ ኬብል የፋይሉን ይዘት እምብዛም አይቀይርም፤ የተበላሸ መልእክት እንደገና ይላካልና። ጉዳቱ ሴቭ እየተደረገ መስመሩን መቁረጡ ነው። የ1 ጊጋ ስዊች (ኮምፒውተሮቹን በኬብል የሚያገናኘው ሳጥን) 100 ሜጋ ካሳየ በኬብሉ ውስጥ ካሉት 8 ሽቦዎች አንዱ ሳይላቀቅ አልቀረም፤ ጫፉን ቆርጣችሁ እንደገና ክሪምፕ አድርጉ (አዲስ መሰኪያ ግጠሙበት)። ከመጋዘን እስከ ቢሮ የተዘረጋው ኬብል ርዝመት ከ100 ሜትር አይለፍ።

ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ሲገዛ ስዊቹ ይረሳል። መብራት ሲሄድ ሰርቨሩ በዩፒኤስ፣ ላፕቶፑ በባትሪው ይሠራሉ፤ መሃል ላይ ያለው ስዊች ግን ይጠፋል፤ ሴቭ የተጀመረው ፋይል ግማሹ ይቀራል። ስለዚህ ሰርቨሩንና ስዊቹን አንድ ዩፒኤስ ላይ ሰኩ፤ የዩፒኤሱን ዩኤስቢ ከሰርቨሩ ጋር አገናኝታችሁ ባትሪው 30 በመቶ ሲቀረው ሰርቨሩ ራሱን እንዲዘጋ አድርጉ።