«አትደውሉልኝ» ብሎ ለመመዝገብ

ሥራዬ ፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሕፈት ነው። ሱቋ ቸርችል ጎዳና ላይ ነች፣ ከዋናው ፖስታ ቤት ብዙ አትርቅም። ሰው የሚመጣው ሲቪ ሊያስጽፍ፣ የዲቪ ፎርም ሊያስሞላ፣ ማመልከቻ ሊያስተይብ ነው። ባለፈው ገና ሰሞን ግን ጋሼ መጡና ስልካቸውን ጠረጴዛዬ ላይ ቁጭ አድርገው «ይኼን ነገር ዝም አሰኚልኝ» አሉኝ።

ጋሼ የሚኖሩት ሜሪላንድ ነው። ለገና ይመጣሉ፣ ጥምቀትን አክብረው ይመለሳሉ። የአሜሪካ ስልካቸው እዚህም በዋይፋይ ይጠራል። ልጆቻቸው ቢሆኑ ባልከፋ። የሚደውለው የመኪና ዋስትና ሻጭ ነው፣ የጤና መድን ሻጭ ነው፣ «ጣሪያዎን እንቀይርልዎ» የሚል ነው። በአሜሪካ ደንብ ሻጭ መደወል የሚችለው በተደዋዩ ሰዓት ከጠዋቱ 2 እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ነው። በጥር ወር ይኼ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ከቀኑ 10 እስከ ሌሊቱ 11 ሰዓት ይሆናል። ሻጩ ሕጉን አክብሮ ነው እንግዲህ ሌሊቱን ሙሉ የሚቀሰቅሳቸው።

ለዚህ መድኃኒት የተባለው መዝገብ እዚያ አገር በ2003 እ.ኤ.አ. ነው የተጀመረው። የሚያስተዳድረው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽኑ ነው፤ ስሙም በቀጥታ «አትደውሉ» ማለት ነው። አድራሻው «ዱኖትኮል» ነው፣ ሦስቱ ቃላት ሳይነጣጠሉ፤ ከኋላው ነጥብና «ጎቭ» ይከተላል። መጨረሻው «ጎቭ» ካልሆነ ወዲያው ውጡ።

ገጹን ስትከፍቱ ቁጥር መመዝገብ የሚለውን ትጫናላችሁ። በአንድ ጊዜ እስከ ሦስት ስልክ ቁጥር ይቀበላል። ኢሜይላችሁን ሁለት ጊዜ ትጽፋላችሁ። ከዚያ በኢሜይል ማረጋገጫ ይመጣል፤ ውስጡ ያለውን ሊንክ በ72 ሰዓት ውስጥ ካልነካችሁ ምዝገባው የለም። ብዙ ሰው የሚቀረው እዚህ ጋ ነው። ጋሼ የኢሜይላቸውን ፓስወርድ ረስተው ነበር። ለልጃቸው ደውለን፣ ልጅየው ከእንቅልፉ ተነሥቶ፣ በስንት መከራ ገባን። ማረጋገጫው የት ቢገኝ ጥሩ ነው? ስፓም ውስጥ፣ ከማስታወቂያው ክምር መሀል።

አሜሪካ ያለ ሰው ይኼን ሁሉ ትቶ በ1-888-382-1222 መደወል ይችላል። የሚደወለው ግን ከሚመዘገበው ስልክ ላይ ሆኖ ነው። ክፍያ የለውም። ዕድሳትም የለውም፤ ቁጥሩ ተዘግቶ ለሌላ ሰው ካልተሰጠ ወይም ራሳችሁ ካላስወጣችሁት እዚያው ይኖራል። ስለዚህ አንድ ሰው ደውሎ «ከመዝገቡ ነው፣ ላድስልዎ፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርዎን (የአሜሪካ መንግሥት ለሰው የሚሰጠውን መለያ ቁጥር) ይንገሩኝ» ካለ ሌባ ነው። መዝገቡ ለማንም አይደውልም።

አሠራሩን ለጋሼ ሳስረዳ ትንሽ ተከፉ። መዝገቡ ስልክ አይዘጋም። ሻጮቹ ራሳቸው ናቸው በየ31 ቀኑ ዝርዝሩን እያዩ የተመዘገበውን ቁጥር ከራሳቸው የመደወያ ዝርዝር ላይ መሰረዝ ያለባቸው። ሕግ የማይፈራ ሻጭ ዝርዝሩን ዞር ብሎም አያየውም። «ታዲያ ምን ይረባኛል?» አሉ። ለእኔ ግን ጥቅሙ እዚሁ ላይ ነው። ጨዋው ሻጭ መደወል ሲያቆም የቀረው ማን እንደሆነ ይታወቃል። ከ31 ቀን በኋላ የማያውቁት ድርጅት ዕቃ ልሽጥልዎ ብሎ ከደወለ ሕጉን የጣሰ ነው፤ ዕቃውም እንደሱ የማይታመን ነው። ይሉኝታ አያስፈልግም። ጋሼ ደግሞ ይሉኝታ የሚያጠቃቸው ሰው ናቸው፤ ለመኪና ዋስትናው ልጅ ሩብ ሰዓት ሙሉ መኪናቸው ያረጀች መሆኗን ሲያስረዱት ሰምቻለሁ።

ተመዝግባችሁም ሊደውሉላችሁ የተፈቀደላቸው አሉ። ምርጫ የሚቀሰቅሱ፣ ለበጎ አድራጎት የሚለምኑ፣ ጥናት የሚያደርጉ፣ ዕዳ የሚሰበስቡ። ዕቃ የገዛችሁበት ድርጅት ደግሞ እስከ 18 ወር፣ ዋጋ ብቻ የጠየቃችሁበት እስከ 3 ወር ሊደውል ይችላል። እሱን የሚያስቆመው አፋችሁ ነው። «ፑት ሚ ኦን ዩር ዱ ኖት ኮል ሊስት» በሉት፤ «ከማትደውሉላቸው ሰዎች ዝርዝር ውስጥ አስገቡኝ» ማለት ነው። ለጋሼ በአማርኛ ፊደል በትልቁ ጽፌ ላሚኔት አደረግኩላቸው፤ ከስልኩ ጋር በኪሳቸው ይዘውታል።

ሌላ አገር ዘመድ ላላችሁ ባጭሩ። እንግሊዝ አገር ቲፒኤስ ይባላል፤ ከሞባይል ላይ ሦስቱን ፊደላትና ኢሜይላችሁን ወደ 85095 በቴክስት መላክ ይበቃል። ሙሉ በሙሉ እስኪሠራ እስከ 28 ቀን ይፈጃል። ጀርመንና ስፔን «የሮቢንሰን ዝርዝር» ይሉታል፣ በልብ ወለዱ ደሴት ላይ ብቻውን በቀረው በሮቢንሰን ክሩሶ ስም። ስሙን የሰጠው ሰው ቀልደኛ መሆን አለበት።

ወደ ጋሼ ልመለስ። ሜሪላንድ ያለው የፖስታ ሳጥናቸውም «ክሬዲት ካርድ ተፈቅዶልዎታል» በሚል ፖስታ እየሞላ ያስቸግራቸዋል። የስልኩ መዝገብ ይኼን አይነካም። ለእሱ አራቱ የክሬዲት መዝጋቢዎች (ሰው ብድሩን እንዴት እንደሚከፍል የሚመዘግቡ ድርጅቶች)፣ ማለትም ኢኩፋክስ፣ ኤክስፔሪያን፣ ትራንስዩኒየንና ኢኖቪስ፣ የጋራ መውጫ አላቸው። «ኦፕትአውትፕሪስክሪን» ይባላል፤ ስልኩ 1-888-567-8688 ነው። በኢንተርኔት ወይም በስልክ ከሆነ ለ5 ዓመት ያስቆማል። ለዘለዓለም እንዲሆን ፎርሙ ታትሞ፣ ተፈርሞ፣ በፖስታ መላክ አለበት። ይኼኛው ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ይጠይቃል። ቅድም የሚጠይቃችሁ ሌባ ነው ብዬ አሁን ስጡ ማለቴ ግራ እንዳያጋባችሁ። ልዩነቱ ማን ቀድሞ ማንን እንዳገኘ ነው፤ ሰው ደውሎላችሁ ከሆነ አትስጡ፣ እናንተ አድራሻውን አጣርታችሁ ከገባችሁ ሌላ ነገር ነው። ደግሞ እንደኔ ሱቅ ባለ የሰው ኮምፒውተር ላይ አትሙሉት። ለጋሼ ባዶውን ፎርም አትሜ ሰጠኋቸው፤ ቤታቸው በእጃቸው ሞልተው መጡና ዋናው ፖስታ ቤት ሄደው ቴምብር ለጠፉበት።

አሁን ወደ እኛው ስልክ። እናቴ አራት ኪሎ ነው የምትኖረው። የ50 ብር ካርድ ትሞላለች፣ ለማንም ሳትደውል ያልቃል። «ስልኬ ይበላል» ትላለች፣ ልክ እንደ አሮጌ መኪና። ወስጄ ሳየው ከአንድ አጭር ቁጥር በየጠዋቱ ጥቅስ ይመጣላታል፤ በቀን 2 ብር ይቆረጣል። መቼ እሺ እንዳለች አታውቅም። ጥቅሱን ግን ወዳዋለች፣ እሱ ነው ያስቸገረኝ።

እንዲህ አድርጉ። መልእክቱ ከመጣበት አጭር ቁጥር ላይ ገብታችሁ፣ እዚያው መልስ መስጫው ላይ ስቶፕ ብላችሁ ላኩ፤ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ኤስ፣ ቲ፣ ኦ፣ ፒ። ከመልእክቱ ግርጌ ሌላ የማቋረጫ ቃል ከተጻፈ እሱን። ማቋረጡን የሚገልጽ መልስ እስኪመጣ አትልቀቁት፤ ሲመጣም አትሰርዙት። በማግስቱ ገንዘብ ከተቆረጠ ኢትዮ ቴሌኮም ከሆናችሁ 994፣ ሳፋሪኮም ከሆናችሁ 700 ደውሉ። «የተመዘገብኩባቸውን አገልግሎቶች ንገሩኝ» ብላችሁ ጠይቁ። እናቴ አንድ ነው ያለችው ሦስት ሆኖ ተገኘ። በዚያም ካልተፈታ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አለ። እሱ ጋ ስትሄዱ አጭር ቁጥሩን፣ ቀኑንና የመልእክቱን ስክሪንሾት ያዙ፤ መጀመሪያ ለድርጅቱ ማመልከታችሁንም አሳዩ።

ቴሌግራም ላይ ሳታውቁት የመሬት ሽያጭ ግሩፕ ውስጥ ለምትገኙ ደግሞ፦ ሴቲንግ፣ ከዚያ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ከዚያ ኢንቫይትስ (በቆየው ቴሌግራም ግሩፕስ ይላል)። «ኤቭሪባዲ» የሚለውን ወደ «ማይ ኮንታክትስ» ቀይሩ። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ጋሼ ለመመለስ ሲሰናበቱኝ ደብተር ይዘው መጡ። ሁለት ገጽ ሙሉ የደወሉትን ቁጥሮች ጽፈዋል። አቤቱታ የሚቀርበው እዚያው የተመዘገቡበት ገጽ ላይ ነው፤ የደወለውን ቁጥር፣ ቀኑንና ሰዓቱን ይጠይቃል። ችግሩ ጋሼ የጻፉት በእኛ ሰዓት ነው። «ጥር 6፣ ሌሊት 8 ሰዓት» ያሉት በሜሪላንድ ገና ጥር 5፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው፤ እሱ ደግሞ በፈረንጅ ሰዓት 6፣ በፈረንጅ ቀን ጃንዋሪ 13። ቁጭ ብለን አንድ በአንድ ቀየርነው። ቡናው ሦስተኛው ደረሰ፤ ገና አንደኛው ገጽ ላይ ነበርን።