ቅዳሜ፣ እርሳስና ባለ 50 ሉክ ደብተር፦ ከልጆች ጋር ልብ ወለድ የምናነብበት መንገድ

የእህቴ ልጅ 14 ዓመቷ ነው። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ እኔ ጋ ትመጣለች። ቡና አፈላለሁ፣ ቆሎ ቢጤ ይቀርባል፣ ከዚያ ለወጣቶች የተጻፈ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ አውጥተን አብረን እናነባለን።

መጀመሪያ ላይ አበላሽቼው ነበር። «የማታውቂውን ቃል ሁሉ መዝገበ ቃላት ላይ ፈልጊ» አልኳት። ገጽ 20 ላይ ስትደርስ መጽሐፉን ዘጋችው። አራት ወር ሙሉ ዞር ብላ አላየችውም። ተማሪ ሳለሁ እኔን ያስመረረኝን ነገር ነበር መልሼ እሷ ላይ የጫንኩት። አሁንም ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲህ ቃሉን ትተን በቦታውና በሰዎቹ በኩል መግባት ጀመርን። ልጅቷ ታሪኩ የሚካሄድበትን ሰፈር ካወቀች፣ የሰዎቹን ቤት ደጅ ካየች፣ እንግሊዝኛው እያደር ይቀላታል። ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። እኛ እንዴት እንደምናደርገው ልንገራችሁ።

መጽሐፍ ስትገዙ

አዲስ አበባ ላላችሁ፣ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡ አሉ። ካፌ ተቀምጣችሁም አዟሪዎቹ መጽሐፉን ክንዳቸው ላይ ደርድረው ይመጣሉ። መግዛት ለማትችሉ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ፤ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የመጨረሻውን ገጽ እዩ። አሮጌ መጽሐፍ ጀርባው ሲላላ መጀመሪያ የሚያጣው የመጨረሻ ቅጠሎቹን ነው። ፎቶ ኮፒ ከሆነ ደግሞ መሃል ላይ ገጽ ይዘላል። ቁጥሩን በአውራ ጣታችሁ እያገላበጣችሁ ተከተሉት። አንድ ጊዜ ይህን ሳላይ ገዝቼ፣ ሦስት ሳምንት አንብበን ስናበቃ መጨረሻው የለም። ልጅቷ ያን ቀን ያሳየችኝን ፊት አልረሳውም።

ቀጥሎ መሃሉን ግለጡና ልጁ አንድ ገጽ ያንብብ። ለማያውቀው ቃል ሁሉ አንድ ጣት ይጠፍ። አምስቱም ጣት ካለቀ መጽሐፉ ለሚቀጥለው ዓመት ይቆይ። ዋናው ባለታሪክ ስንት ዓመቱ እንደሆነም ጠይቁ። ልጆች የእኩያቸውን ወይም ትንሽ የሚበልጣቸውን ልጅ ታሪክ ይወዳሉ።

ቦታውን ሳሉት

ደብተሩን ስትገልጡ ግራው ገጽ የቦታ፣ ቀኙ የሰው ይሁን። ስዕል አልችልም የሚል ልጅ አትስሙ። መስመርና ክብ ይበቃል።

እኛ የጀመርነው በኤስ. ኢ. ሂንተን «ዘ አውትሳይደርስ» ነው። መጽሐፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። ደራሲዋ መጻፍ ስትጀምር 15 ዓመቷ ነበር፤ ሲታተም 18። አሳታሚው በሙሉ ስሟ ፈንታ የስሟን የመጀመሪያ ፊደላት አስደረጋት፣ ወንዶች ሐያሲዎች «ሴት ናት የጻፈችው» ብለው እንዳይንቁት። ይህን ለልጅቷ ስነግራት መጽሐፉን ገልብጣ ስሙን ድጋሚ አየችው። «ልጅ ሆና?» አለች። ደራሲው ልጅ በነበረበት ጊዜ የጻፈው መጽሐፍ ካገኛችሁ በእሱ ጀምሩ።

ታሪኩ ኦክላሆማ፣ ተልሳ ከተማ ውስጥ ያለ ነው፤ ሂንተን ያደገችበት ከተማ። በአንድ ወገን ድሆቹ ልጆች፣ ግሪዘሮቹ አሉ። በሌላው ወገን ሶሽ የሚባሉት የሀብታም ልጆች። የእህቴ ልጅ ደብተሩ ላይ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረች። ምሥራቁን ታሪኩን በሚተርከው የግሪዘር ልጅ ስም «የእነ ፖኒቦይ»፣ ምዕራቡን በአንዲት የሶሽ ልጅ ስም «የእነ ቼሪ» አለችው። በመኪና ተገብቶ ፊልም የሚታይበትን ሜዳ ልክ መስመሩ ላይ አስቀመጠችው፣ ሁለቱ ወገኖች እዚያ ስለሚገናኙ። ልጆቹ በዕቃ ባቡር ሸሽተው የሚደበቁበትን አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ከገጹ ጠርዝ፣ ተራራ ላይ።

ከዚያ ፖኒቦይና ቼሪ ስለ ፀሐይ መጥለቂያ የሚያወሩበት ቦታ ደረስን። እሱ ከጓሮ ደረጃቸው ላይ ሆኖ የሚያያት ፀሐይና እሷ ከቤቷ የምታያት አንድ መሆኗን ያስባል። ልጅቷ እርሳሱን አነሳች፤ በመስመሩ አናት ላይ አንዲት ክብ ሳለች፣ ግማሿ ወዲህ ግማሿ ወዲያ። አላዘዝኳትም። ቆይታ ደግሞ «የእኛም ሰፈር እንዲህ ነው» አለች፤ «ከአስፋልቱ ወዲያ ቪላ፣ ወዲህ ኮንዶሚኒየም።» ስለ መደብ ልዩነት አንድ ሰዓት ባስረዳት ይህን አታገኘውም ነበር።

ቦታው እውነተኛ ከሆነ የስልክ ካርታ ክፈቱ። ሁለተኛው መጽሐፋችን የሊንዳ ሱ ፓርክ «ኤ ሎንግ ዎክ ቱ ዋተር» ነበር፤ ወደ ውኃ የሚደረግ ረጅም ጉዞ ማለት ነው። የወጣው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ሁለት ልጆች ምዕራፍ እየተጋሩ ይሄዳሉ። ኒያ እ.ኤ.አ. በ2008 ደቡብ ሱዳን ውስጥ ውኃ ልትቀዳ በቀን ሁለት ጊዜ ኩሬ ትመላለሳለች። ሳልቫ እ.ኤ.አ. በ1985 ትምህርት ቤት እያለ ጦርነት መጥቶበት በእግሩ ይሰደዳል። ሳልቫ ዱት በእውን ያለ ሰው ነው።

ካርታው ላይ ጉዞውን በጣታችን ተከተልነው። ዓባይን ተሻገረ፣ በረሃውን አለፈ፣ ከዚያ ልጅቷ ጮኸች፦ «ኢታንግ! ጋምቤላ እኮ ነው!» የስደተኞች ጣቢያው የእኛ አገር ነበር። ሳልቫ እዚያ ስድስት ዓመት ያህል ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1991 ደርግ ሲወድቅ ግን ወታደሮች በጠመንጃ እያስፈራሩ ስደተኞቹን ወደ ጊሎ ወንዝ ነዷቸው። ወንዙ ሞልቷል፣ አዞም አለበት። እዚህ ላይ ንባቡን አቆምን። «የእኛ ወታደሮች?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ አታድበስብሱ። የምታውቁትን በአጭሩ ንገሩ፣ ከዚያ ዝም በሉ። እኛ ቡናውን ሦስተኛ አፍልተን ነው የቀጠልነው።

የኒያንም መንገድ በሰውነት ማወቅ ይቻላል። ሰፈራችን ውኃ ሲጠፋ የምንሞላት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አለች። ልጅቷ አንስታ ከበር እስከ ማድ ቤት ወሰደቻት። በቀኝ ገጽ ላይ ከኒያ ስም ሥር የጻፈችው አንድ ቃል ነበር፦ «አንገቷ።»

ሰዎቹን በእጃቸው እወቋቸው

«ይህ ሰው ደግ ነው ወይስ ክፉ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ልጁ አንድ ቃል ይመልስላችሁና ነገሩ እዚያው ያበቃል። እኛ ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ጥያቄ አለን። በእጁ ምን ይዟል? የሚበላውን ማን ያመጣለታል? ምን ይደብቃል?

የፖኒቦይን ታላቅ ወንድም ዳሪን ልጅቷ ጠልታው ነበር። ይቆጣል፣ አይስቅም፣ አንድ ሌሊት ፖኒቦይን በጥፊ መታው። ቀኙን ገጽ ስንሞላ «በእጁ ምን ይዟል?» አልኳት። ወደ ኋላ ገልብጣ ፈለገች። የጣራ ክዳን። ዳሪ ጣራ እየከደነ ነው የሚኖረው። ዕድሜው 20 ነው። እናትና አባታቸው በመኪና አደጋ ሞተዋል፤ ኮሌጅ መግባቱ ቀርቶ ሁለት ታናናሾቹን ያሳድጋል። ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ስንደርስ ሁሉም መልስ ወደ እሱ ሄደ። ለፖኒቦይም ዳሪ፣ ለቤቱ ወጪም ዳሪ። ማዳያ የሚሠራው መካከለኛው ወንድም ሶዳፖፕ የድርሻውን ቢያግዝም። ልጅቷ እርሳሷን ነክሳ ቆየች። ትምህርቱን ጥሎ ታናናሾቹን የሚያሳድግ ወጣት እኮ እዚሁ ደጃችን ሞልቷል። የጥፊዋን ገጽ መልሰን አነበብናት። መምታቱን ይቅር አላለችውም፤ ግን «ፈርቶ ነው» አለች።

ሁሉም መልስ ከባድ አይሆንም። የሳልቫ አባት ከገበያ ሲመለስ ማንጎ ያመጣል። የሚይዝበት ቦታ ሲያጣ በብስክሌቱ ጎማ ሽቦዎች መሃል ይሰካዋል። ጎማው ሲሽከረከር ማንጎዎቹ አብረው ይሽከረከራሉ። ከዚህ መጽሐፍ እኔ በጣም የምወደው ይህን ነው። ያ ልጅ በረሃ ውስጥ ሲሄድ ምን እንዳጣ በዚያች ብስክሌት ገባኝ። እንዲህ ያለ ትንሽ ዕቃ ስታገኙ ቀኙ ገጽ ላይ ክብ አድርጉበት። ደራሲው ዝም ብሎ አላስቀመጠውም።

ቃላቱስ?

ለአንድ ምዕራፍ ሦስት ቃል ብቻ። ከዚያ በላይ አይፈለግም። ሲያነቡ በእርሳስ ሳሳ አድርገው ያስምሩ፣ መዝገበ ቃላት የሚከፈተው ምዕራፉ ካለቀ በኋላ ነው። በፊት ግን ትርጉሙን ይገምቱ፣ ግምቱንም ይጻፉት። ግምትና ትርጉም ጎን ለጎን ሲቀመጡ ቃሉ አይረሳም።

አንዳንዱ ቃል ብቻውን ከሦስቱ ቃላት በላይ ሰዓት ይፈጃል። «ግሪዘር»ን ወደ አማርኛ ለመመለስ አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ፈጀን። እሷ «ዱርዬ» አለች። እኔ እምቢ አልኩ፤ ዱርዬ ሌሎች የሚሏቸው ነው። ስሙ የመጣው ከሚቀቡት የፀጉር ቅባት ነው። ጸጉራቸው ኩራታቸው ነው። ሲሸሹ እንዳይታወቁ ጓደኛው ጆኒ የፖኒቦይን ጸጉር ቆርጦ ቀለሙን ሲያነጣው ልጁ ለምን ያን ያህል እንዳዘነ የገባን ያኔ ነው። መጨረሻ ላይ ቃሉን «ግሪዘር» ብለን ተውነው። አልተሸነፍንም፤ ቃሉን አውቀነዋል።

ጮክ ብሎ ማንበብ

ከምዕራፉ አንድ ገጽ ብቻ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። የትኛውን እንደሆነ ልጁ ይምረጥ።

ሦስተኛውን መጽሐፍ ግን የመረጥኩት እኔ ነኝ። የቤንጃሚን ዘፋንያ «ረፊዩጂ ቦይ» ነው፤ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2001። ዓለም የሚባል የ14 ዓመት ልጅ ነው። አባቱ ኢትዮጵያዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት። በሁለቱ አገሮች ጦርነት ምክንያት አባቱ እንግሊዝ ወስዶ፣ ለንደን አጠገብ ዳቼት የሚባል ቦታ ሆቴል ውስጥ ደብዳቤ ትቶለት ይመለሳል። መጽሐፉ የሚጀምረው በሁለት አጫጭር ትዕይንቶች ነው። ወታደሮች በር ሰብረው ቤተሰቡ ላይ ይገባሉ። አንዱ ኢትዮጵያ ውስጥ፣ ሌላው ኤርትራ ውስጥ። ቃላቱ አንድ ናቸው ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያውን እሷ አነበበች፣ ሁለተኛውን እኔ። እኔ ስጀምር «ይኼን እኮ አነበብኩት» ብላ አቋረጠችኝ። «ስሚኝ» አልኳት። የአገሩ ስም ሲቀየር ዝም አለች። ዓይን ብቻውን ይህን ይዘለዋል። ድምፅ ነው የሚይዘው። ይህን መጽሐፍ ለልጅ ከመስጠታችሁ በፊት ግን ራሳችሁ ጨርሱት፣ በተለይ ቤታችሁ ከሁለቱም ወገን የተወለደ ሰው ካለ። ሐዘኑ ቅርብ ነው። ኢትዮጵያዊት እናት ያለው፣ እንግሊዝ ውስጥ በማደጎና በሕፃናት ማሳደጊያ ያደገው ገጣሚ፣ ስሙ ለምን ሲሳይ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ለመድረክ አዘጋጅቶታል። ከእሱ የተሻለ ለዚህ ሥራ የሚቀርብ ሰው አይታየኝም።

አንብባችሁ ስትጨርሱ «ምን ተማርሽ?» የምትለዋን ጥያቄ ለትምህርት ቤት ተዉአት። እኔ የምጠይቀው «ስናቆም የት ነበርሽ?» ነው። አንዳንዴ «ጣሪያው ላይ ከዳሪ ጋር» ትላለች። አንዳንዴ «እዛች ቁጥቋጦ ጋ» ትላለች። ሳልቫ በረሃው ሲያቅተው አጎቱ «እዚያች ቁጥቋጦ ድረስ ብቻ» እያለ ነው ያሻገረው። መልሱ ቦታ ከሆነ ልጅቷ ገብታለች። «አላውቅም» ካለች ያን ምዕራፍ በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደግማለን።

መጽሐፉ ሲያልቅ ለሌላ ልጅ ይሰጣል። የቦታውን ስዕል በሌላ ወረቀት ገልብጣ፣ አጥፋ፣ ከሽፋኑ ውስጥ ትከተዋለች። ደብተሩ የእሷ ነው፣ አይሰጥም። ባለፈው ቅዳሜ አንዲት የክፍል ጓደኛዋን ይዛ መጣች። ጓደኛዋ የጊሎን ወንዝ ስዕል ይዛ «ይኼ ጥቁሩ ምንድነው?» ስትል፣ የእህቴ ልጅ «አልነግርሽም፣ አንብቢው» አለቻት። ሰኞ ሌላ ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዛሁ።