ሲኒማ ቤት በዩቲዩብ ዘመን፦ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

"ሲኒማ ቤት አበቃለት፣ አሁን ሁሉም ቤቱ ቁጭ ብሎ ነው የሚያየው" ይባላል፣ እኔ ግን አልስማማም። ሰዉን ያሸሸው የቤት ስክሪን ብቻ አይደለም፣ ባለአዳራሹም ፕሮዲውሰሩም ተመልካቹም የምንሰራቸው ስህተቶች አሉ፣ ደግሞ አብዛኞቹ ብዙ ብር ሳያስወጡ የሚስተካከሉ ናቸው።

የመጀመሪያው ስህተት የፈረንጆቹን ክርክር እንዳለ አምጥቶ እዚህ መለጠፍ ነው። ኔትፍሊክስ ገደለን ይባላል፣ እሺ፣ ግን አዲስ አበባ ውስጥ በውጭ ምንዛሬ ካርድ በየወሩ ለኔትፍሊክስ የሚከፍለው ስንቱ ነው? የኛ ተፎካካሪ ዩቲዩብ ነው፣ ቴሌግራም ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ደግሞ እንደ ቃና በአማርኛ የተመለሱ ድራማዎችን ሳሎናችን ያስገቡ የሳተላይት ቻናሎች ናቸው። ለእነዚህ ማንም ትኬት አይቆርጥም፣ ስለዚህ በዋጋ ልትወዳደሯቸው አትችሉም። ሰው ታክሲ ተሳፍሮ የሚመጣው ቤቱ የማያገኘው ነገር ካለ ነው።

ታዲያ ቤት የማይገኘው ምንድነው? ትልቅ ምስል፣ ትልቅ ድምፅ፣ አብሮ የሚስቅ ሰው። እነዚህን ችላ ማለት ለኔ ከሁሉም የባሰው ስህተት ነው። የፕሮጀክተር አምፖል በአንዴ አይሞትም፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየደከመ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ እዛው የሚውለው ሰራተኛ ልዩነቱ አይታወቀውም፤ ተመልካቹ ግን ፊልሙ ውስጥ ሲመሽ ጥቁር ነገር ላይ አፍጥጦ ይቀመጣል፣ ቤቱ ያለው ቲቪ ደግሞ ቦግ ያለ ነው። ዓለም አቀፉ መስፈርት ስክሪኑ መሃል ላይ 48 ኒት ነው (ኒት የብርሃን ድምቀት አሃድ ነው)፣ መለኪያው ባይኖራችሁ እንኳን ፕሮጀክተሩ ራሱ አምፖሉ ስንት ሰዓት እንደሰራ ይቆጥራል፣ ሜኑው ውስጥ ገብታችሁ እዩት።

ድምፁ ላይ ደግሞ ጥፋቱ የጋራ ነው። ፊልሙ ጠባብ ክፍል ውስጥ በሄድፎን ይቀናበራል፣ እዛ ጥርት ብሎ የተሰማው ንግግር አዳራሽ ሲገባ ሙዚቃው ይውጠዋል፣ ንግግሩ የሚወጣበት ከስክሪኑ ጀርባ ያለው የመሃል ስፒከር ከደከመማ ሰዉ "ምን አለ? ምን አለች?" እየተባባለ ነው ፊልሙ የሚያልቅበት። ፕሮዲውሰሮች እባካችሁ ከምረቃው ቀን በፊት አዳራሹን አንድ ጠዋት ለምናችሁ ግቡና የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጣችሁ ስሙት፣ ሰው ሲሞላ ድምፅ ስለሚመጠጥ ለባዶው አዳራሽ ከሚበቃው ትንሽ ከፍ ይበል። ኮሜዲ ከሆነ ደግሞ ከቀልዱ በኋላ ትንፋሽ ተዉለት፣ ቤት ሁለት ሰው ፈገግ የሚልበት ቦታ አዳራሽ ውስጥ ሁሉም በአንዴ ይስቅና የሚቀጥለው ንግግር ይጠፋል። ሲኒማ ኢትዮጵያ፣ አምፒር፣ ራስ እያለ ያደገ ሰው ጠይቁ፣ ከታሪኩ በፊት የሚያወራችሁ ስለዛ ሳቅ ነው።

ሌላው ዩቲዩብ ላይ ለመጫን መቻኮል። የፊልም ሰሪው ጭንቀት ይገባኛል፣ ተበድሮ ሰርቶ ብሩ ቶሎ እንዲመለስለት ይፈልጋል፣ ዋሽንግተን ያለ ሐበሻ ዩቲዩብ ላይ ሲያየው ደግሞ ከማስታወቂያ የሚገኘው ከአዲስ አበባው ተመልካች ይሻላል። ግን የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው፣ ተመልካች አንዴ "ቆይ ዩቲዩብ ላይ ይመጣል" ማለት ከለመደ ለሚቀጥለው ፊልምም አይነሳም። ዋርነር ብራዘርስ እ.ኤ.አ. በ2021 ፊልሞቹን አሜሪካ ውስጥ ሲኒማ ቤትም ኤችቢኦ ማክስ በሚባለው የኢንተርኔት ፊልም ማሳያውም በአንድ ቀን ለቀቀ፣ በዓመቱ ግን መጀመሪያ ለሲኒማ ቤት 45 ቀን ወደመስጠት ተመለሰ። ፓራማውንት ደግሞ ቶፕ ገን ማቭሪክን በኮሮና ምክንያት ሁለት ዓመት ያህል አስቀምጦ በ2022 ሲኒማ ቤት ሲያወጣው ወደ 1.5 ቢሊዮን ዶላር አስገባለት። እኛ ጋ ያ ብር የለም፣ አውቃለሁ፣ ግን አካሄዱ ይሰራል፦ ከባለአዳራሹ ጋር ተነጋግራችሁ ቀን ቁረጡ፣ ከዛ በፊት ላትጭኑ ተስማሙ፣ ውጭ ያለውም ሰው አዳራሽ ተከራይቶ በጋራ እንዲያየው መጀመሪያ እድሉን ስጡት።

ሰዓቱስ? ማታ 3 ተኩል የሚያልቅ ፊልም ለብዙ ሰው፣ በተለይ ለሴቶችና ልጅ ይዘው ለሚመጡ፣ የታክሲ ወረፋ ማለት ነው። ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት 8 እና 10 ሰዓት ላይ ጥሩ ጥሩውን አድርጉት፣ ደግሞ 10 ሰዓት ካላችሁ 10 ሰዓት ጀምሩ፣ ቤቱ ያለው ሰው ፕሌይ ሲጫን አይጠብቅም።

ያው የፍቅር ኮሜዲ በየሳምንቱ መደርደርም ሰው አሰልችቷል፣ ለልጆች የሚሆን የአማርኛ ፊልም የሚፈልግ ወላጅ ሞልቷል።

የተመልካቹም ስህተት አለ፣ በስልክ ከስክሪን ላይ መቅረፅ። "ትንሽ ቁራጭ ናት ለቲክቶክ" ይባላል ግን ቁራጯ ብዙ ጊዜ መጨረሻው ላይ ያለችው ትዕይንት ናት፣ ሙሉውን ቀርፆ ቴሌግራም ላይ የሚለቅም አለ፣ ይሄ ደግሞ በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚያስጠይቅ ነገር ነው። ባለአዳራሾች ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፋችሁ አትተዉት፣ መብራት ከመጥፋቱ በፊት አንድ ሰው ፊት ወጥቶ በትህትና ይናገር፣ ፊልሙ ከተጀመረም በኋላ አንድ ሰራተኛ ከኋላ ቆሞ ስልክ ሲበራ ጠጋ ብሎ ያስጠፋ።