ጥልቀት በሌለው ውሃ የጥልቀት መለኪያ ሲጠቀሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስክሪኑ 1 ሜትር ሲል ብዙ ሰው «ከጀልባዬ ሥር 1 ሜትር ውሃ አለኝ» ብሎ ይነዳል። ከሁሉም የከፋው ስህተት ይሄ ነው። መሣሪያው ድምፅ ወደ ታች ልኮ ማሚቶውን በመስማት የሚለካው ከራሱ ሴንሰር እስከ ታችኛው መሬት ያለውን ነው። ፕሮፔለሩ ከሴንሰሩ 40 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ከሆነ የቀረዎት 60 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ጀልባዋ ከውሃ ወጥታ ሳለ ልዩነቱን በሜትር ይለኩና ሴቲንጉ ውስጥ ያስገቡት። በብዙዎቹ መሣሪያዎች ከፕሮፔለሩ በታች ያለውን ለማንበብ ቁጥሩ በመቀነስ ምልክት ይገባል። ምልክቱ ከተገለበጠ ግን ጥልቀቱን ጨምሮ ያሳይዎታል፤ እባክዎ ደግመው ያረጋግጡ።

ሌላው፣ መሣሪያው ወደፊት የሚያይ መምሰሉ ነው። ተራው መለኪያ ወደፊት አያይም። ድምፁ እንደ እጅ ባትሪ ብርሃን እየሰፋ ወደ ታች ይወርዳል። ድምፁን በ20 ዲግሪ ማዕዘን የሚያሰፋ ሴንሰር 1 ሜትር ላይ የሚሸፍነው ክብ ስፋቱ 35 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። አጠገቡ ያለ አለት አይታየውም። ደግሞ ሴንሰሩ ብዙ ጊዜ የሚገጠመው ከኋላ ነው፤ ድንጋዩን ሲያገኘው የጀልባዋ አፍንጫ አልፎታል። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ሲነዱ በየሴኮንዱ ወደ 3 ሜትር ይጓዛሉ። ስለዚህ ቁጥሩ መውረድ ሲጀምር ወዲያው ፍጥነት ይቀንሱ።

ቁጥሩ በድንገት እጥፍ ቢሆንስ? አይደሰቱ። ድምፁ ከታች ነጥሮ፣ የውሃውን ፊት መትቶ፣ እንደገና ወርዶ ሲመለስ መሣሪያው ሁለተኛውን ማሚቶ ሊይዝ ይችላል። ያኔ 80 ሴንቲ ሜትሩ 1.6 ሜትር ይሆናል። ሴንሲቲቪቲውን (ደካማ ማሚቶ የመያዝ አቅሙን) ዝቅ ያድርጉ፤ የድምፁን ድግግሞሽ የመምረጥ ዕድል ካለዎትም ከ50 ይልቅ 200 ኪሎ ኸርዝ ይጠቀሙ።

ብልጭ ድርግም የሚል ቁጥርም አይመኑ። በብዙ መሣሪያዎች ትርጉሙ «መሬቱ ጠፍቶኛል» ነው፤ የሚታየው የመጨረሻው ንባብ ነው። ወደ ኋላ ሲነዱ ፕሮፔለሩ የሚነዛው አረፋም ሴንሰሩን ያሳውረዋል።

አሃዱንም ይዩ፤ 3 ጫማ 3 ሜትር አይደለም።

ጥቅጥቅ ያለ አረም ካለ መሣሪያው የአረሙን አናት መሬት ብሎ ሊያነብ ይችላል። እዚህ ላይ እኔ የማምነው ዘንግ ነው። በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ምልክት ያድርጉበት። ሞተሩን አጥፍተው ከሴንሰሩ አጠገብ ቀጥ አድርገው ይንከሩት፤ አረሙን አልፎ ጠንካራው መሬት ላይ ሲያርፍ እጅዎ ይነግርዎታል።