ታዋቂ ሥዕልን አይቶ ማጣጣም እንዴት ይለመዳል?

ለመጀመሪያ ጊዜ ትልቅ ሙዚየም የገባሁ ዕለት ሁሉንም ልየው ብዬ ከክፍል ወደ ክፍል ስሮጥ ዋልኩ። ከሥዕሉ ጎን የተለጠፈውን ጽሑፍ አነብባለሁ፣ ቀና ብዬ ሥዕሉን ገረፍ አደርጋለሁ፣ ፎቶ አንስቼ አልፋለሁ። ማታ ያየሁትን ላስታውስ ብል የሠዓሊዎቹ ስም ተራ በተራ መጣልኝ፤ ፊትና ቀለም ግን አንድም አልመጣ አለ። ቀኑን ሙሉ ሳነብ እንጂ ሳይ አልዋልኩም ነበር። ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ የደረስኩበት አካሄድ የሚከተለው ነው። ሙዚየም ድረስ መሄድ ግዴታ አይደለም፤ ብዙዎቹ ታላላቅ ሙዚየሞች ሥዕሎቻቸውን አጉልቶ ለማየት በሚያስችል ጥራት በድረ ገጻቸው ላይ አስቀምጠዋል።

አንድ ሥዕል ይምረጡ፣ መጠኑንም ይወቁ

ለአንድ ቀን አንድ ሥዕል ይበቃል። የሚስብዎትን ይምረጡ እንጂ «መታየት አለበት» የተባለውን አይምረጡ።

ቀጥሎ መጠኑን ይፈልጉ። በስልክ ላይ ሥዕል ሁሉ እኩል ስለሚመስል ለዚህ ሥራ ስልክን አልመክርም፤ ኮምፒውተር ወይም በደንብ የታተመ መጽሐፍ ይሻላል። የፒካሶ «ጌርኒካ» ቁመቱ 3.49 ሜትር፣ ወርዱ 7.77 ሜትር ነው። «ሞና ሊዛ» ግን 77 በ53 ሴንቲ ሜትር ብቻ ናት። እኔ ሜትር ይዤ የሥዕሉን ልክ ግድግዳ ላይ እለካለሁ። አንዱ ሥዕል ሰውን የሚውጥ፣ ሌላው ሰውን ወደ ራሱ የሚያስጠጋ መሆኑ ያን ጊዜ ይገባል።

ምንም ሳያነቡ 15 ደቂቃ ይዩ

ከባዱ ይህ ነው፤ ብዙ ሰው የሚያቋርጠውም እዚህ ላይ ነው። ሰዓት ሞልተው፣ ወረቀትና እርሳስ ይዘው ይቀመጡ። «ያምራል» ወይም «አያምርም» ብሎ መጻፍ ክልክል ነው። የሚጻፈው ዓይን ያየው ብቻ ነው። በሁለተኛው ደቂቃ ላይ «በቃ፣ አየሁት» የሚል ስሜት ይመጣል። ያኔ አይነሡ፤ ማየት የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

የሆላንዳዊውን የቨርሜርን «ወተት ቀጂዋ» ልውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1650ዎቹ መጨረሻ አካባቢ የተሳለ፣ 45.5 በ41 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ አምስተርዳም በሚገኘው ራይክስሙዚየም ያለ ትንሽ ሥዕል ነው። መጀመሪያ የጻፍኩት ይህን ነበር፦ አንዲት ሴት፣ ቢጫ የላይ ልብስ፣ ሰማያዊ ሽርጥ፣ ከሸክላ ዕቃ የሚወርድ ቀጭን ወተት፣ ጠረጴዛ ላይ ዳቦ። ከዚያ ወዲያ የምጽፈው አጣሁ። ዝም ብዬ ቆየሁ።

ትንሽ ቆይቶ ነጭ ያልኩት ግድግዳ ነጭ እንዳልሆነ አየሁ። መስኮቱ አጠገብ ጠቆር ብሎ ይጀምርና ከሴትየዋ ወዲያ ሲሻገር ይፈካል። ብርሃኑ ከመስኮቱ እየመጣ እንዴት መስኮቱ ሥር ይጠቁራል? ብርሃኑ መስኮቱ አጠገብ ያለውን ግድግዳ ብዙም ሳይነካ አግድም አልፎ ወዲያኛው ላይ ስለሚያርፍ ነው። የዳቦው ቅርፊት ላይ የፈሰሰው ብርሃን ደግሞ ጠጋ ሲሉት ትንንሽ የቀለም ነጠብጣብ ነው። ቀጥሎ ከመስኮቱ መስታወቶች አንዱ የተሰበረ መሆኑን አየሁ። በመጨረሻም ባዶ ነው ብዬ ባለፍኩት ግድግዳ ላይ፣ ከፍ ብሎ፣ አንዲት ምስማር አገኘሁ። ምንም አልተንጠለጠለባትም። ጥላዋ ግን ከነአቅጣጫው ተስሏል።

ሙዚየሙ እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ ባደረገው ምርመራ ቨርሜር መጀመሪያ ከሴትየዋ ራስ ጀርባ የገንቦዎች መስቀያ፣ ከታች በስተቀኝ ደግሞ የእሳት ማሞቂያ ቅርጫት ጀምሮ እንደነበር፣ ኋላም ቀለም ቀብቶ እንዳጠፋቸው ታውቋል። ሁለቱን ትልልቅ ዕቃዎች አጥፍቶ ምስማሯን ተዋት። ይህን ሳነብ በጣም የገረመኝ ምስማሯን አስቀድሜ በራሴ ዓይን ስላገኘኋት ነው። ጽሑፉን አስቀድሜ አንብቤ ቢሆን ኖሮ ከብዙ መረጃዎች አንዱ ሆኖ ያልፈኝ ነበር።

ሲጨርሱ ትልልቆቹን ቅርጾች ብቻ በእርሳስ ይንደፉ። ችሎታ አይጠይቅም።

አሁን ስለ ሠዓሊው ያንብቡ፣ ግን በጥንቃቄ

እዚህ ላይ ዓመታት ያስከፈለኝን ስህተት ልናገር። የሆላንዳዊውን ሠዓሊ የቫን ጎግን «ከዋክብታማው ሌሊት» ከማየቴ በፊት ስለ ሕመሙ ብዙ አንብቤ ነበር። ስለዚህ የሚሽከረከረውን ሰማይ የታመመ አእምሮ ምስክር አድርጌ ብቻ አየሁት፤ ሥዕሉን ራሱን አላየሁትም። እውነት ነው፣ ሥዕሉ የተሠራው በጁን 1889 ሠዓሊው ፈረንሳይ ውስጥ ሳን ሬሚ በሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ተቋም ውስጥ ሳለ ነው። ነገር ግን ከክፍሉ መስኮት መንደሩ አይታይም ነበር፤ አስቦ ያመጣው ነው። ጎህ ሳይቀድ በመስኮቱ ያያትን በጣም ትልቅ የአጥቢያ ኮከብም ለወንድሙ በደብዳቤ ገልጾለታል። ተጠግተው የብሩሹን ጉዞ ይከተሉ፦ ሰማዩ አግድም ይፈስሳል፣ ጥዱ ሽቅብ ይነድዳል፣ ኮረብታው እንደ ማዕበል ይንከባለላል። እያንዳንዱ የራሱ አቅጣጫ አለው። ይህ አስቦ የሚሠራ ሰው እጅ ነው። የሠዓሊውን ሕይወት ያንብቡ፣ ካነበቡ በኋላ ግን ወደ ሥዕሉ ተመልሰው ያረጋግጡ። ሥዕሉ ላይ የማያገኙትን ነገር ሥዕሉ ላይ አይጫኑበት።

ሁለት ሥዕሎችን ጎን ለጎን ያስቀምጡ

አንድ ታሪክ በሁለት ሠዓሊዎች እጅ ሲወድቅ ማየትን የመሰለ ትምህርት አላገኘሁም። በመጽሐፈ ዮዲት የምትነገረው ዮዲት የጠላት ጦር አዛዡን የሆሎፎርኒስን አንገት ስትቆርጥ ጣሊያናዊው ካራቫጆ እ.ኤ.አ. በ1599 አካባቢ ስሎታል። ጣሊያናዊቷ ሠዓሊ አርቴሚዥያ ጀንቲለስኪም ይህንኑ ታሪክ ከአንድ ጊዜ በላይ ስላዋለች፤ ፍሎረንስ በሚገኘው በኡፊዚ ሙዚየም ያለው በ1620 አካባቢ የተሠራ ነው። የካራቫጆዋ ዮዲት ሰውነቷን ወደ ኋላ አሽሽታለች፤ አሮጊቷ አገልጋይ ጨርቅ ይዛ ዳር ቆማ ትጠብቃለች። በአርቴሚዥያ ሥዕል አገልጋይዋ ወጣት ናት፤ ሰውየውን ከላይ ሆና ተጭና ይዛዋለች። ዮዲትም እጅጌዋን ሰብስባ በሙሉ ኃይሏ ትሠራለች። ሁለቱን ሲያስተያዩ ከፊታቸው አይጀምሩ። መጀመሪያ የሴቶቹን ክንዶች ይመልከቱ፤ ክብደቱን ማን እንደተሸከመው ይዩ።